የኢትዮጵያ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ

የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ከመገበያያነት የወጡ ሳንቲሞችንና የብር ኖቶችን መፈለግ፣ መለየት፣ መመዝገብ፣ ሳይበላሹ ማቆየትና ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር መለዋወጥ ነው። የገንዘብን ታሪክ የሚያጠናው ዘርፍ ኑሚስማቲክስ ይባላል። ሥራው ቴምብር ከመሰብሰብ ጋር፣ እንዲሁም በውጭ አገር ከተለመደው የኦሎምፒክና የመዝናኛ ፓርክ ፒን (ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ አርማ) ከመሰብሰብ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ፒን ከመጀመሪያውም እንዲሰበሰብ ታስቦ የሚሠራ መሆኑ ነው። ገንዘብ ግን በገበያ፣ በግብርና በጥሎሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ መጨረሻ ላይ ነው ሰብሳቢው ዘንድ የሚደርሰው።

ይህ መጣጥፍ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በመሳሰሉት የወለጋ ከተሞች ሆኖ ለሚጀምር ሰው እንዲያመች ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ገንዘቦች በመላ አገሪቱ የሠሩ ስለሆኑ ለሌላውም አካባቢ ያገለግላል።

የት ይጀመራል

ጀማሪ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከመግዛት ሲጀምር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ስብስብ ያለው በዘመድ ቤት ሳጥን ውስጥ፣ በአያቶች መቀነት ወይም ከድሮ ደረሰኝና ከግብር ካርኒ ጋር በታሰረ ጨርቅ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አምስትና አሥር ሳንቲም፣ የደርግ ዘመን አንድ ብር ኖት፣ ዕድል ከቀናም አንድ ሁለት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው።

እነዚህን ሲያገኙ ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል፦ ከማን መጣ? ለምን ተቀመጠ? በቡና ሽያጭ የተገኘ ነው ወይስ ለሙሽራ የተሰጠ? መልሱን በዚያው ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ሳንቲሙ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊኖር ይችላል፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ግን አይኖሩም። አንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር ለብቻው በዓለም ላይ በብዙ ሚሊዮን ከተመቱት አንዱ ብቻ ነው። «አባቴ በጋምቤላ በኩል ቡና ሲነግድ ያመጣው» የሚል ማስታወሻ ያለው ግን ለወለጋ ታሪክ ማስረጃ ይሆናል።

ጊዜው የሚያጣድፍበት ሌላም ምክንያት አለ። የብር ሳንቲሞች በየጊዜው ወደ አንጥረኛ ቤት እየሄዱ ይቀልጣሉ። መስቀል፣ ቀለበት፣ አምባርና የአንገት ጌጥ የሚሠራበት ብር ለረጅም ዘመን የተገኘው ከማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ይህ የቆየ ሙያ ስለሆነ አንጥረኛውን የሚያስወቅስ ነገር የለውም። ነገር ግን ብርቅ የሆነ የምኒልክ አላድም ሆነ ተራው ጠገራ ብር በሚዛን ላይ ግራም ብቻ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

አሞሌ፣ ወቄትና ቀርሺ

ወለጋ ከሳንቲም በፊትም የራሱ የገበያ ሥርዓት ነበረው። ከአፋር በረሃ የሚመጣው የአሞሌ ጨው እስከ ምዕራብ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ከምንጩ በራቀ መጠንም ዋጋው ይጨምር ነበር። ወርቅ ደግሞ በወቄት ይመዘን ነበር። አንድ ወቄት ከአንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ ጋር እኩል ይቆጠር ስለነበር ሳንቲሙ ገንዘብም የሚዛን ድንጋይም ነበር ማለት ይቻላል። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ (በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር) ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር ካስገቡባቸው ነገሮች ዋነኞቹ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበሩ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ይገኛል።

በአፋን ኦሮሞ ገንዘብ «ቀርሺ» ይባላል። ቃሉ በምኒልክ ሳንቲሞች ላይ ካለው «ገርሽ» ጋር አንድ ምንጭ አለው፤ ሁለቱም በዐረብኛው «ቂርሽ»ና በቱርክኛው «ኩሩሽ» በኩል ወደ ጀርመን አገር ሳንቲም ስም ይመለሳሉ። ዛሬ ነቀምቴ ገበያ ላይ «ቀርሺ መቃ» (ስንት ብር ነው) ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያስበው የዚህን ሳንቲም ስም ይጠራል።

የማሪያ ቴሬዛ ብር

ጠገራ ብር በመባልም ይታወቃል። በአንድ በኩል የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል፣ በሌላ በኩል ባለሁለት ራስ ንሥር አለበት። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ የብር ይዘቱ ከ1000 እጅ 833 ነው። ስለዚህ በውስጡ ወደ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ይገኛል።

ጀማሪን የሚያደናግረው ዓመቱ ነው። ሁሉም «1780» ይላሉ፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። በኢትዮጵያ፣ በዐረብ አገሮችና በሱዳን የሚኖረው ሕዝብ የለመደውን መልክ ብቻ ይቀበል ስለነበር ማተሚያ ቤቶች ዓመቱን ሳይለውጡ መምታታቸውን ቀጠሉ። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ሮም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ ነበር፤ ለጦርነቱ የሚያስፈልገውን ግዢና ክፍያ በዚሁ ገንዘብ መፈጸም ስለፈለገች ነው። የቪየና ማተሚያ ቤት ዛሬም ለሰብሳቢዎች ይመታዋል። ስለዚህ «1780» የሚል ሳንቲም የያዘ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ ይዣለሁ ብሎ መደምደም የለበትም፤ የ1930ዎቹም ሊሆን ይችላል።

የድሮ ነጋዴዎች ብሩን ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። የሚያዩት በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ፣ በጌጡ ዙሪያ ያሉትን ፈርጦች ቁጥር፣ የራስ ጌጧንና ከምስሉ በታች ያሉትን «ኤስ. ኤፍ.» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ነበር። ፊደላቱ ጉንዝቡርግ በተባለው ማተሚያ ቤት ይሠሩ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው። ፈርጦቹ የጠፉበት ወይም መልኩ የተፋቀ ብር ይመለስ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ሳንቲሙ የት እንደተመታ የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ የጌጡን ቅርጽ፣ የንሥሩን የጅራት ላባና በዳሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ያነጻጽራሉ። የማይማሩ የሚመስሉት የገበያ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ትክክለኛ ነበር።

በወለጋ ይህ ገንዘብ በብዛት የገባው በቡና ንግድ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በክረምት በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር።

የምኒልክ ገንዘብ

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የተመታውን ገንዘብ ያስወጡት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ፓሪስ ውስጥ ተመትተው በ1887 ዓ.ም. ቀን ወጡ። በአንድ በኩል ዘውድ የደፋ የንጉሡ ምስል፣ በሌላው ሰንደቅ ዓላማ የያዘ አንበሳ አለባቸው። ብሩ ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብር ይዘቱ ከ1000 እጅ 835 ነው፤ ሆን ተብሎ ከማሪያ ቴሬዛ ጋር እንዲመጣጠን የተደረገ ነው። አላድ ግማሽ ብር፣ ሩብ አንድ አራተኛ ነው። ገርሽ 1.4 ግራም ብቻ የምትመዝን ትንሽ የብር ሳንቲም ናት። ከዚህ በታች በሳ የሚባለው የመዳብ ሳንቲም አለ።

ሕዝቡ አዲሱን ገንዘብ ለመቀበል ዘገየ። ነጋዴው የለመደውን የንግሥቲቱን መልክ መርጦ የምኒልክን ብር በእኩል ዋጋ ለመውሰድ ያመነታ ነበር፤ ከትልልቆቹ ይልቅ ለመልስ የምታመቸው ገርሽ ነበረች። ለዚህም ነው ዛሬ ከምኒልክ ሳንቲሞች ለጀማሪ በቀላሉ የምትገኘው ገርሽ የሆነችው። ሙሉው ብርና አላዱ ግን፣ በተለይ ሳይፋቁና ሳይበሱ ከተገኙ፣ ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው።

አንድ ትንሽ ነገር መመልከት ይገባል፦ የአንበሳው እግር። በአንዳንዶቹ ሳንቲሞች የተነሣው የግራ የፊት እግሩ ነው፣ በሌሎቹ የቀኝ። በካታሎግ ውስጥ እነዚህ እንደ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ይመዘገባሉ። ድግግሞሽ ነው ብሎ ከመለወጥ በፊት አንበሳውን ማየት ያስፈልጋል።

ከመቶኛ እስከ ሽልንግ

በ1923 ዓ.ም. ብሩ በመቶ ተከፍሎ «መቶኛ» የሚባል ክፍልፋይ ወጣ። ባለ1 እና ባለ5 መቶኛ ከመዳብ፣ ባለ10፣ ባለ25 እና ባለ50 ከኒኬል ተሠሩ። ንጹሕ ኒኬል በማግኔት ስለሚሳብ እነዚህ ሳንቲሞች ማግኔት ላይ ቢጣበቁ ሐሰተኛ ናቸው ማለት አይደለም።

በጠላት ወረራ ዘመን የኢጣሊያ ሊሬ፣ ከነጻነት በኋላም ለጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሠርቷል። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር (በእንግሊዝኛው በኩል የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር) ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲወጣ ከሁለት ሽልንግ ጋር ተመጣጠነ። ሃምሳ ሳንቲም እስከ ቅርብ ጊዜ «ሽልንግ» ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። ሃያ አምስቱ ደግሞ «ስሙኒ» ነው።

በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ያለው ዓመት ፲፱፻፴፮ (1936) ነው። እዚህም እንደ ማሪያ ቴሬዛ ብር ዓመቱ ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ ተመትተዋል፤ ስለዚህ 1936 የሚል አምስት ሳንቲም በ1950ዎቹ የተመታ ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ሳንቲሙ ብቻ ከብር የተሠራ ሲሆን ሌሎቹ መዳብ ናቸው። ስሙኒው መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ስለሚቀራረብ፣ በብር ቀለም ቀብቶ እንደ ሽልንግ ማሳለፍ እንዳይቻል ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል ተቆራርጦ ወጣ። ክቡ ስሙኒ ዛሬ ብርቅ ነው፤ በመዳብ ሳንቲሞች ክምር ውስጥ መጀመሪያ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ቀን የአፄ ቴዎድሮስ፣ የአፄ ዮሐንስ፣ የአፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ባለ5 ብር የመታሰቢያ ሳንቲሞች ወጥተዋል። እነዚህ ለገበያ ሳይሆን ለሰብሳቢዎች የተሠሩ ናቸው።

ከለውጡ በኋላ የወጡት ሳንቲሞች ፲፱፻፷፱ (1969) የሚል ቀን አላቸው፤ በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው በአንዱ ሳንቲም በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአሥሩ ደግሞ የደጋ አጋዘን (ኒያላ) አለባቸው። አንድ ሳንቲሟ ከአልሙኒየም የተሠራች ሆና ቀላልና ለመጉበጥ ቅርብ ናት። ሳትጎብጥ የተገኘች አንድ ሳንቲም፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ለስብስብ መያዝ አለባት። በዚህ ዘመን የአንበሳው ጺም ርዝመት ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይለያያል። በኋላ ዘመን ቀን ያላቸው አምስትና አሥር ሳንቲሞች ከናስ ሳይሆን ናስ ከተለበጠ ብረት ስለተሠሩ ማግኔት ይስባቸዋል፤ ተማሪ በአንድ ትንሽ የስፒከር ማግኔት ኪሱ ውስጥ ያለውን መልስ በሁለት ሊከፍል ይችላል። አንድ ብር ሳንቲም የሆነው በ2002 ዓ.ም. ቀን ነው፤ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ሲሆን ሚዛን ተሥሎበታል።

የብር ኖቶች

የመጀመሪያዎቹ ኖቶች የወጡት በአቢሲኒያ ባንክ ስም እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። እነዚህም ሆኑ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ያወጣቸው ለተራ ሰብሳቢ የሚገኙ አይደሉም፤ ቢገኙም ብዙዎቹ የተቀዳደዱ ናቸው። ጀማሪ የሚያተኩረው ከ1937 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ላይ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ኖቶች ላይ አንዱ ብር በበሬ የሚያርስ ገበሬ ሥዕል አለበት። ተመሳሳይ ሥዕል ያለው ኖት የተለያየ የባንክ ገዥ ፊርማ ሊኖረው ይችላል፤ ኖቱ መቼ እንደወጣ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ፣ ከኋለኞቹም አቶ ምናሴ ለማ ይገኙበታል። በቅርብ ዘመን የአቶ ተክለወልድ አጥናፉና የዶክተር ይናገር ደሴ ፊርማ ያለባቸው አሉ።

በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ያለባቸው ኖቶች ተሰብስበው አዲስ ተተኩ። አንድ ብር ላይ የልጅ ፊት፣ አምስት ብር ላይ ቡና የሚለቅም ሰው፣ አሥር ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ሆነ። ለወለጋ ሰብሳቢ አምስት ብሩ ልዩ ትርጉም አለው፤ ጥሩ የሆነ አንድ ማስቀመጥ ገና ርካሽ ሆኖ ሳለ ይሻላል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዳዲስ የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ከአዲሱ 200 ብር ጋር መውጣታቸው ይፋ ሲደረግ አሮጌዎቹን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው አንድም አሮጌ ኖት ሳያስቀር ባንክ አስገባ። ንጹሕና ያልታጠፈ አሮጌ መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው በጊዜው መቶ ብር አጥቷል፤ ስብስቡ ግን ተሟልቶለታል።

ዓመተ ምሕረቱን ማንበብ

የድሮ ሳንቲሞች ዓመት በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ስለሆነ ከ፩ እስከ ፲፣ ከዚያም ፳፣ ፴፣ ፵፣ ፶፣ ፷፣ ፸፣ ፹፣ ፺ እና ፻ን መለየት ግድ ነው። ምሳሌ፦ ፲፰፻፹፯ ማለት ፲፰ (18) ጊዜ ፻ (100) ሲደመር ፹ (80) ሲደመር ፯ (7)፣ ማለትም 1887 ነው። የግዕዝ አጻጻፍ ዜሮ የለውም፤ የ2002ቱ አንድ ብር ፳፻፪ የሚል ቀን የያዘው ለዚህ ነው። ሲፋቅ በቀላሉ የሚምታቱት ፮ና ፯፣ እንዲሁም ፹ና ፺ ናቸው፤ ብርሃኑን ከጎን በኩል አድርጎ ማየት ይረዳል።

ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ወደ አውሮፓውያን ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። የውጭ ካታሎጎች ሁለቱንም ዓመት ስለሚጽፉ የአንዱን ለሌላው እንዳይወስዱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አያያዝ

ሳንቲም አይታጠብም። ይህ ሕግ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰብሳቢዎች የሚስማሙበት ነው፤ በአገራችን ደግሞ በብዛት የሚጣሰው ነው። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በአሸዋ የታሸ ሳንቲም ለጊዜው ያበራል፤ ግን የላይኛው ቆዳው ተልጦ ዋጋው ይወድቃል፣ ጭረቱም ለዘላለም ይቀራል። ጥቁሩ ቀለም የብሩ ዕድሜ ነው። ጭቃ ካለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ አቆይቶ ሳያሹ ማድረቅ ይበቃል።

ሲይዙት በዳሩ እንጂ ፊቱን በጣት መንካት አይገባም። ነቀምቴ ክረምቱ ረጅምና ዝናባም ስለሆነ እርጥበት ዋናው ጠላት ነው፤ መዳብ አረንጓዴ ያወጣል፣ ወረቀት ይሻግታል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ እያንዳንዱን ሳንቲም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ስለሚያወጣ አይመከርም። ኖት በስኮች አይለጠፍም፣ በካውያ አይተኮስም፣ ላሚኔት አይደረግም። ላሚኔት የተደረገ ኖት ከዚያ በኋላ ሊላቀቅ አይችልም፤ በየቢሮውና በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የሚታዩ ብዙ ኖቶች በዚህ መንገድ ጠፍተዋል።

ሐሰተኛን መለየት

ለቱሪስት ተብለው የሚሠሩ የማሪያ ቴሬዛና የምኒልክ ቅጂዎች አሉ። ሙሉ በሙሉ የሚያስተማምን አንድ ዘዴ የለም፤ ብዙ ፈተና አንድ ላይ ሲደረግ ግን አብዛኛው ሐሰት ይጋለጣል። መጀመሪያ ክብደት፦ በወርቅ ቤት ሚዛን 28 ግራም የሚሆነው ብር 24 ወይም 32 ቢመዝን ያጠራጥራል። በመሸርሸር ጥቂት ግራም ሊጎድል ይችላል፤ ሊጨምር ግን አይችልም። ቀጥሎ ማግኔት፦ ብር አይሳብም። ከዚያ ዳሩ፦ በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራ ሳንቲም ዳሩ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ወይም የሞረድ ምልክት ይኖረዋል፣ ፊቱም ላይ እንደ ችፍታ ያሉ ትናንሽ ነጥቦች ይታያሉ። በመጨረሻ ድምፅ፦ በጣት ጫፍ ተይዞ በቀስታ ሲመታ እውነተኛ ብር ረዥም ጥሩ ድምፅ ያሰማል፤ እርሳስ ያለበት ደብዘዝ ያለ።

የተበሳ ሳንቲም ሐሰተኛ አይደለም። ቀዳዳው በአንገት ወይም በራስ ላይ መንጠልጠሉን ያሳያል። ለካታሎግ ዋጋው ይቀንሳል፤ የሰው ሕይወት የተነካው መሆኑን ለሚፈልግ ሰብሳቢ ግን ከማይበሳው የበለጠ ያስደስታል።

መለዋወጥና ዋጋ

የፒን ሰብሳቢዎች ልማድ አንድ ለአንድ መለዋወጥ ነው፤ በኦሎምፒክ ጨዋታዎች መንደር አትሌቶችና እንግዶች የአገራቸውን ፒን አውጥተው በሌላ አገር ፒን ይቀይራሉ፣ ዋልት ዲዝኒ ፓርኮችም ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ይህንኑ ለጎብኚዎቻቸው አስፋፍተዋል። በገንዘብ ስብስብ አንድ ለአንድ አይሠራም። አንድ ክብ ስሙኒ በአንድ ተራ ስሙኒ የሚለውጥ ሰው ተታልሏል። ከፒን ሰዎች ሊወሰድ የሚገባው ግን ድርብ ካላቸው ብቻ መለወጣቸው፣ ሌላው የለበሰውን ወይም የያዘውን ሲጠይቁ በትሕትና መጠየቃቸውና «አይሆንም» ሲባሉ አለመጫናቸው ነው።

ዋጋ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ በብርቅነቱ፣ በሁኔታውና በውስጡ ባለው ብረት። የመጨረሻው ዝቅተኛው ወለል ነው። የማሪያ ቴሬዛ ብር 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ስላለው ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ ማባዛት ነው፤ ከዚያ በታች የሚያቀርብ ገዥ ሻጩ እንደማያውቅ ተማምኖ ነው የመጣው። በየገጠሩ እየዞሩ የድሮ ብር የሚገዙ ሰዎች ከአረጋውያን የሚወስዱበት ዋጋ ከዚህ እጅግ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ማባዛቱን የሚያውቅ አንድ ተማሪ በቤተሰቡ ውስጥ መኖሩ ብዙ ጉዳት ይከላከላል።

ለዓይነትና ለቁጥር የዴኒስ ጊል የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የኢጣሊያ ሶማሊያ ሳንቲሞች መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1991) እና ክራውዘ የተባለው የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ ዋቢ ይሆናሉ። በኢንተርኔትም ነጻ ካታሎጎች አሉ። ካታሎግ ላይ ያለ ዋጋ በውጭ አገር ሱቅ የሚጠየቀው እንጂ ነቀምቴ ላይ የሚከፈለው አይደለም።

መዝገብ በደብተርም በኤክሴልም ይያዛል። ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ቁጥር፣ ዓመት፣ ክብደት፣ የሁለቱም ገጽ ፎቶ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ የሰጪው ታሪክ ይመዘገባል። ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ከስልኩ ጋር ስለሚጠፋ ሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ ግዴታ ነው (ይህን ኮምፒውተር የሚማሩም ሰዎች የሚያስታውሱት ከጠፋባቸው በኋላ ነው)።

ሕግ

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ወይም ሰብሳቢ የድሮ ሳንቲም ከመላክ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በእርሻ ወይም በግንባታ ቁፋሮ የተገኘ ሳንቲም ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መነገር አለበት። የአክሱም ዘመን ሳንቲሞች የሚሸጡና የሚለወጡ ዕቃዎች አይደሉም። አክሱም ከ3ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም የመታች ሲሆን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል መተካቱ የታሪክ ዋና ማስረጃ ነው። አንዲት እንዲህ ያለች ሳንቲም ከተገኘችበት አፈር ከተለየች ምስክርነቷ ግማሹ ይጠፋል።

የሚታዩባቸው ቦታዎች

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሳንቲምና የቴምብር ስብስብ አለው። በብሔራዊ ሙዚየምም የአክሱም ሳንቲሞች ይታያሉ። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ሰብስበው ለሕዝብ የከፈቱት ሙዚየም ከብራና መጻሕፍትና ከጌጣጌጥ ጋር ሳንቲሞችንም ይዟል፤ ሐረር በአሚሮቹ ዘመን የራሷን መሐለቅ የምትመታ ከተማ ስለነበረች ስብስቡ ለአካባቢው ልዩ ነው። ነቀምቴ ላይ የወለጋ ሙዚየምና የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይጎበኛሉ። ቤተሰብ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለመስጠት ወይም ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ታሪኩን አብሮ ጽፎ ማምጣት አለበት፤ ሳንቲሙ ከእነ ስሙ ሲመዘገብ ባለቤቱ መልሶ ቢጠይቅ እንኳ ማስረጃው ይቀራል።